ከወደቡ በፊት የነበረው ኩርባ

ያምሳ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1998

ራይሊ፣

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር ስል አፈርኩ። እንዴት እንደሆንሽማ ልጅሽ ማርቲ በስልክ ነግሮኛል። ዳሌሽ ውስጥ ብረት ገብቷል፣ ቀኝ እጅሽ እስከ ክርኑ በጀሶ ተጠቅልሏል፣ ከጀርመን በአውሮፕላን ወደ አገር ቤት ሲያመጡሽ ደግሞ የወንበርሽ ብሎን ላልቷል እያልሽ አስተናጋጇን ስትጨቀጭቂያት ነበር አሉ። ይህን የመጨረሻውን ስሰማ ደስ አለኝ።

በመጀመሪያ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ከአደጋው በኋላ በሦስተኛው ቀን እኔና ኡርሆ ሆስፒታል ጥለንሽ መርከብ ተሳፈርን። አንቺ "ሂዱ፣ እዚህ ተቀምጣችሁ ምን ትሠሩልኛላችሁ?" አልሽን፤ እኛም ቶሎ ብለን እሺ አልን። ኡርሆ የቸኮለው በአውኔ ምክንያት ነው። ሚስቱ የአረጋውያን ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ከእሱ እጅ ካልሆነ ደህና አድርጋ አትበላም። ለጉዟችን ሦስት ሳምንት ከእሷ መቅረቱ ራሱ በዝቶበት ነበር። እኔ ግን ሚስትም ድመትም የለኝም፣ የሚያስቸኩለኝ ነገር አልነበረም። የሄድኩት ፊትሽን ማየት ስላልቻልኩ ነው። ይህን ጽፌ ልሰርዘው ነበር፤ ይቆይ ግን።

ማርቲ ጥያቄዎችሽን አንድ በአንድ ነግሮኛል። ሻንጣሽ እኔ ጋ ነው። ከኢጣሊያ የገዛሽው አይብ መርከቡ ላይ መሽተት ስለ ጀመረ በላነው፤ ኡርሆ የሰውን ንብረት ከብልሽት ማዳን ነው እያለ አብዛኛውን ጨረሰው። ቀይዋ መኪናችን የለችም። የሉቤኩ ጋራዥ ሰውዬ አንድ ጊዜ ዞሯት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ በማግስቱ ወደ ብረት ማቅለጫ ሄደች።

ሦስተኛው ጥያቄሽ ስለ ፍሬኑ ነው። ምን ልበልሽ? ዝናብ ነበር፣ አስፋልቱ ላይ ቅጠል ነበር። የመጨረሻው ቀን ነው፣ ወደቡ ሃያ ኪሎ ሜትር ቢቀረን ነው፤ መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄዳ ግራ በኩል ካለው ዛፍ ጋር ተላተመች። ፖሊሱም እርጥብ ቅጠል ብሎ ጽፏል። ወጣት ሆነን በራሊ የመኪና ውድድር ስንወዳደር ኡርሆ መሪውን ይዞ፣ እኔ ከጎኑ የሚመጣውን ኩርባ ከወረቀት እያነበብኩለት፣ አንቺ ከመኪናዋ ሥር ተኝተሽ ስትጠግኝ፣ ከዚህ የባሰ ስንት ጊዜ ተገልብጠናል? ያኔ ምክንያቱን የጠየቀ የለም። ጎማ ቀይረን እንቀጥል ነበር። ይህንንም እንደዚያ ቁጠሪው።

ኡርሆ ደህና ነው። የጎድን አጥንቱን ያመዋል፤ ግን ከጎረቤቱ አሮጌ መኪና ገዝቶ ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ አውኔ ጋ መመላለስ ጀምሯል። እኔ ግንባሬ ላይ ካለችው ጭረት በቀር ምንም አልሆንኩም። ምንም አለመሆኔ ያሳፍረኛል።

ቶሎ ዳኚልን።

ቬይኮ


ኮትካ፣ ኦክቶበር 11

ቬይኮ፣

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ስለዚህ አጭር ነው፤ አንተም አሳጥረህ መልስልኝ።

አይቡን መብላታችሁ ግድ የለም። ስለ ቅጠል ግን አልጠየቅኩህም። የጠየቅኩህ ፔዳሉ ሰምጦ ነበር ወይ ነው። ኡርሆ ለማርቲ "ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ወደ ግራ ጎተተችኝ" ብሎታል። ወደ ግራ የምትጎትተው የቀኙ ፍሬን ካልያዘ ነው። ይህን አንተም ታውቃለህ።

ከአደጋው በፊት በነበረው ማታ፣ ካምፑ ውስጥ፣ የፊት ቀኙን ጎማ አውልቄ የፍሬኑን ሸራ፣ ፓስቲሊያውን፣ ቀይሬዋለሁ። ሲጮህ ስለነበረ ነው። ብርሃኑ እየሄደ ነበር፤ እናንተ ደግሞ ሾርባው ቀዘቀዘ እያላችሁ ትጠሩኛላችሁ። ሁለቱን ብሎኖች አጥብቄያለሁ። ሁለተኛዋን ግን ልምልልህ አልችልም። አርባ ዓመት ሙሉ ብሎን ባጠበቅኩ ቁጥር በአውራ ጣቴ እነካታለሁ። ያን ዕለት መንካቴ ትዝ አይለኝም። አልጋ ላይ ተጋድሜ የማስበው ይህችኑ ነው፣ ሌላ ሐሳብ የለኝም።

እኔ ከኋላ ሹራብ እያጠፍኩ ነበር፣ ምንም አላየሁም። አንተ ከጎኑ ነበርክ። ፔዳሉ ሰመጠ ወይስ አልሰመጠም? አዎ ወይም አይደለም በለኝ።

ራይሊ


ያምሳ፣ ኦክቶበር 19

ራይሊ፣

የግራ እጅ ጽሕፈትሽ ከቀኙ ይሻላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልገምት አነበብኩሽ። በቀልድ መጀመሬን አትቀየሚኝ። ስፈራ እቀልዳለሁ፣ ይህን ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አዎም አይደለምም ልልሽ አልችልም። ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ጠዋት በጊዜ ተነሥተናል፣ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ የመኪናዋ ማሞቂያ እግሬን አሙቆታል። ዓይኔን ስገልጥ ዛፉ መስኮቱን ሞልቶት ነበር። ፔዳሉን አላየሁትም። ስለ ብሎኗ ግን አንድ ነገር ልበልሽ፤ አንቺ ያልጠበቀ ብሎን ትተሽ ሾርባ ልትበዪ ስትሄጂ አይቼሽ አላውቅም። ስለዚህ ተያት።

ይልቅ በዚህ ጉዟችን ኢጣሊያ ተራራው ላይ የነበርንበትን ቀን አስቢ። ወጣት ሳለን ኪሳችን አልፈቅድ ብሎን ያልደረስንበትን መንገድ በስተርጅና ወጣነው። ኡርሆ "በል እንደ ድሮው አንብብልኝ" ሲለኝ፣ እኔም ካርታውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ "ግራ አራት፣ ሰማንያ ሜትር፣ ቀኝ ሁለት ይጠባል" እያልኩ የኩርባውን አቅጣጫና ጥበት በቁጥር ስነግረው፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ "ሁለት ያረጁ ሕፃናት" ብለሽ ሳቅሽብን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሳነብለት ከረምኩ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ የሚያውቅ አይመስለኝም። እሱም እያንዳንዱን ኩርባ ልክ በጊዜው ይታጠፈው ነበር። ከኋላችን የሚመጡ ወጣቶች ጥሩምባ እየነፉ አድናቆታቸውን ሲገልጹልን አይተሻል።

ማርቲ መሣሪያዎችሽን ልትሸጪ ነው አለኝ። እባክሽ አታድርጊው። እጅሽ ይድናል፣ ያኔ ታዝኛለሽ።

እዚህ ሐይቁ ዳር ዳሩን በበረዶ መርጋት ጀምሯል። ኡርሆ የበረዶ ጎማ አስገብቶ በየቀኑ ይመላለሳል። አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር መሄጃ፣ አሥራ ስምንት መመለሻ። አውኔ ሲገባ የምታውቀው በእግሩ ኮቴ ነው ይላሉ።

ቬይኮ


ኮትካ፣ ኦክቶበር 30

ቬይኮ፣

ተኝቼ ነበር ካልክ ተኝተሃል።

መፍቻዎቼን ሸጬያቸዋለሁ። ደብዳቤህ ሲደርስ ሣጥኑ ከቤት ወጥቶ ነበር። ወደቡ ላይ የጀልባ ሞተር የሚሠራ ሰውዬ እንዳለ ወሰደው። ሲከፍተው "ምን ዓይነት ንጹሕ ዕቃ ነው" አለ። ዕቃው ንጹሕ ነው፣ የባለቤቷን ሥራ ግን አትጠይቀኝ አልኩት። አልገባውም፤ ሳቀ።

ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ መኪናዬ ትንኳኳለች፣ ወርደሽ አዳምጪልኝ ብቻ አለችኝ። ማዳመጥ! ፍቺው እንኳ አላለችኝም። አይሆንልኝም ብዬ በሩን ዘጋሁባት። ቬይኮ፣ ሰው እኔ በጠገንኩት መኪና ልጆቹን ጭኖ በበረዶ ላይ ሲነዳ አርባ ዓመት ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ፈርቼ አላውቅም። አሁን እጄን አላምነውም። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ይድን ይሆናል፣ ይህኛው ግን አይድንም።

ለኡርሆ ጻፍኩለት። ማርቲ ፖስታ ቤት ወስዶልኛል። ሁለተኛዋን ብሎን እንዳልነካኋት ነገርኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። እሱ ሞቶ ቢሆን አውኔን ማን ያጎርሳት ነበር? አንተስ ብትሞት? እናንተን ይዤ ወጥቼ ሬሳችሁን ልመልስ ነበር። ይህን ለማለት ወር ሙሉ መቆየቴ ያሳፍረኛል።

ራይሊ


ያምሳ፣ ኖቬምበር 8

ራይሊ፣

ምነው ለእሱ ከመጻፍሽ በፊት ብትጠይቂኝ።

ትናንት ቤቱ ሄጄ ነበር። ደብዳቤሽ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ አልተከፈተም። አራት ቀኑ ነው። "ራይሊ ጽፋልሃለች" አልኩት። "አውቃለሁ፣ አውኔ ጋ ወስጄ ከነርሷ ጋር አነበዋለሁ፣ እሷም የራይሊን ነገር መስማት ትወዳለች" አለኝና ወሬውን ወደ እንጨት ፍለጣ አዞረው። ቡና ሊቀዳ ሲነሣ ደብዳቤሽን ኪሴ ልከተው እጄን ዘርግቼ ነበር። መልሼ ሰበሰብኩት። ጥሩ ሰው ሆኜ አይደለም፣ ፈርቼ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የሚመልስልሽን አትቀበዪው። ማለቴ፣ ወደ ልብሽ አታስገቢው። ጥፋቱ የእኔ ነው ማለትሽን ተዪ። ለምን እንደምልሽ ግን አሁን አትጠይቂኝ።

ቬይኮ


ኮትካ፣ ኖቬምበር 16

ቬይኮ፣

ጀሶው ተፈትቷል። ይህ የቀኝ እጄ ነው፤ እንደ ልማዱ እየገመትክ አንብበው።

ኡርሆ መለሰልኝ። ይቅር ብሎኛል። እንዳለ ልጻፍልህ፤ "ራይሊ፣ ስለ ፍሬኑ አትጨነቂ። ማንም ሰው ይዘነጋል። እኔ ቂም አልያዝኩብሽም፣ ለአውኔም ነግሬያታለሁ፣ እሷም አልተቀየመችሽም።" ይኸው ነው። አንብቤ አለቀስኩ። በሕይወቴ ሦስት ጊዜ አልቅሼ ከሆነ ሦስተኛው ይህ ነው።

ካለቀስኩ በኋላ ግን ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ ነው የጻፈው፤ እያንዳንዷ ፊደል የክብሪት ሣጥን ታክላለች። ሦስተኛው መስመር ሁለተኛው ላይ ወጥቶበታል። "ቂም" የሚለው ቃል ከወረቀቱ ጫፍ ወርዶ ግማሹ የለም፤ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ይሆናል። ፖስታውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው።

አንተ ደግሞ "የሚመልስልሽን አትቀበዪው" ብለኸኛል። ደብዳቤዬ አራት ቀን ሳይከፈት ተቀመጠም ብለኸኛል። ምግብ ቤት ስንገባ ኡርሆ ሁልጊዜ "ቬይኮ የሚያዘውን" ሲል ትዝ አለኝ። ከተራራው ወዲህ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳታርፍ፣ ቀጥ ባለው አውራ ጎዳና ላይ ሳይቀር፣ ጮክ ብለህ ስታነብለት ትዝ አለኝ።

እኔ ሞተር ሲንኳኳ ከየት እንደሆነ እስካገኘው አልተኛም። ስለዚህ ይህችን መልስልኝና ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ኡርሆ ያያል?

ራይሊ


ያምሳ፣ ኖቬምበር 21

ራይሊ፣

አያይም።

ይህን ቃል ለመጻፍ ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጫለሁ፤ ምድጃውም ጠፍቶብኛል። ፍሬንሽ ደህና ነበር። ፔዳሉ አልሰመጠም፣ መኪናዋ ወደ ግራ አልጎተተችም። ኡርሆ ኩርባውን አላየውም፤ ፍሬን የያዘውም ዛፉ ጋ ሲደርስ ነው። ብሎኖችሽ ሁለቱም ጠብቀው ነው ብረት ማቅለጫ የገቡት።

ከዳር ከዳር ትንሽ ያያል። ፊት ለፊቱ ያለው ግን ጠፍቶበታል፤ ሰው ሲያናግረው ራሱን እንደ ዶሮ ዘንበል አድርጎ በጎን የሚያየው ለዚያ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት በጉዟችን ሁለተኛ ቀን ነው። ነዳጅ ልንቀዳ ቆመን፣ አጠገቡ የቆመችውን ሴትዮ አንቺ መስላው "ራይሊ፣ ዘይቱን አይተሽዋል?" አላት። ሴትዮዋ በጀርመንኛ መለሰችለት። እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ።

በሦስተኛው ቀን ለብቻው አግኝቼ ጠየቅኩት። አልካደም። ክንዴን ይዞ ምን አለኝ መሰለሽ? "አውቶቡስ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው ያለው። መንጃ ፈቃዴን ከወሰዱብኝ አውኔ በሳምንት ሁለት ቀን ትብላ?" አለኝ። የቤቱን መንገድ በቃሉ እንደሚያውቀው፣ እያንዳንዱን የፖስታ ሣጥን እንደሚቆጥር ነገረኝ። "እዚህ ደግሞ አንተ አለህልኝ፣ አንተ እያነበብክ መቼ ተሳስቼ አውቃለሁ?" አለኝ። እኔም ለራይሊ አልነግራትም ብዬ ቃል ገባሁ።

አዘንኩለት ብዬ ብቻ ብነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ውድድሩን ከተውን ወዲህ የእኔን ድምፅ የፈለገ ሰው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስቆጥር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ ቤቴ ውስጥ የሚያናግረኝ ሬዲዮ ነው። እዚያ ተራራ ላይ እኔ "ቀኝ ሁለት" ስል መኪናዋ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ያለ እኔ አንድ ሜትር መሄድ እንደማይችል አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፤ ይህ ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ ነፍስሽ በእኔ ምላስ ላይ እንደ ተንጠለጠለች አታውቂም፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

የመጨረሻው ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ እሱ ፍሬኑ ነው አለ፣ እኔ ዝም አልኩ። አንቺ ብሎኗን ስትፈልጊ፣ መፍቻሽን ስትሸጪ፣ ጎረቤትሽ ላይ በር ስትዘጊ ሁሉ ዝም አልኩ። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ነው የከረምኩት። ለየደብዳቤሽ መልስ ስለ ሐይቁና ስለ በረዶው እጽፍልሻለሁ።

እንዴት ይቅርታ እንደምጠይቅሽ አላውቅም።

ቬይኮ


ኮትካ፣ ኖቬምበር 27

ቬይኮ፣

ለመመለስ አምስት ቀን ቆየሁ፤ መጀመሪያ የጻፍኳቸውን ስድብ የሞሉ ሦስት ደብዳቤዎች ማርቲ ፖስታ ቤት አልወስድም አለኝ። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ደብዳቤው ከውጭ ይሸታል ትላለች አለ።

እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ። ዓይኔ ደህና ነው። ልንዳ ብዬ ስንት ቀን ለመንኳችሁ? አንድ ቃል ብትነግረኝ እኔ እነዳ ነበር፣ ኡርሆ እያፏጨ ከጎኔ ይቀመጥ ነበር፣ አንተም ለሁለታችን ታነብልን ነበር። ዳሌዬ ይድናል፣ ስለ ዳሌዬ አልናገርም። ሁለት ወር ሙሉ ግን ራሴን በነፍሰ ገዳይ ዓይን እያየሁ ከረምኩ። ሁለታችሁ ይህን እያወቃችሁ ሾርባችሁን በላችሁ። እሱ ይባስ ብሎ ይቅር አለኝ! እኔም አልቅሼ አመሰገንኩት፤ የምስጋናዬ ደብዳቤ አሁን እናንተ ጋ ደርሶ ይሆናል።

መተኛትህን አልወቅስህም። እንቅልፍ ማንንም ይጥላል። የምወቅስህ ከነቃህ በኋላ ስላለው ነው።

አሁን የምልህን አድርግ። አንደኛ፣ የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለው። ዛሬ ነገ አትበል። በመንገዱ ላይ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች አሉ፤ እነሱ የፖስታ ሣጥን አይደሉም፣ አይቆጠሩም። አውኔ ጋ አንተ ትወስደዋለህ፣ በየቀኑ፣ እስክትሞት ድረስ። ሌላ ሥራ የለህም።

ሁለተኛ፣ እሱ የላከልኝን የይቅርታ ደብዳቤ አብሬ ልኬልሃለሁ። እኔ አልፈልገውም። ወስደህ አንብብለት። እሱ ማንበብ ስለማይችል አንተ ጮክ ብለህ፣ አንድ ቃል ሳትዘል፣ "ቂም አልያዝኩብሽም" የሚለውንም፣ አውኔም አልተቀየመችሽም የሚለውንም አንብብለት። ከዚያ ምን እንዳለ ጻፍልኝ።

ራይሊ


ያምሳ፣ ዲሴምበር 6

ራይሊ፣

አደረግሁት።

ሐሙስ ቀን፣ ከምሳ በፊት ሄድኩ። የአተር ሾርባ ጥዶ ነበር፤ ሳሕን ሁለት አወጣ፣ እንደ ድሮው ሳልጠየቅ እንድቀመጥ ማለት ነው። ልበላ አልመጣሁም፣ ራይሊ የላከችው ነገር አለ አልኩት። ወረቀቱን ስዘረጋው በድምፁ አወቀው። "የእኔ ነው አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩት፤ አነበብኩለት። ቆሜ ነው ያነበብኩት። አጭር ናት፣ ግን የማታልቅ መሰለችኝ። ስጨርስ ምድጃውን አጠፋና "ድገመው" አለኝ። ደገምኩት። በሁለተኛው ጊዜ አውኔ የምትለዋ ላይ ስደርስ እጁን አነሣ፣ አቆምኩ።

"ቁልፉ በሩ ጎን ተሰቅሏል" አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም፤ አውቶቡሱንም አላነሣብኝም። ሄጄ ወሰድኩት። በሩ ላይ ሳለሁ ነው የተናገረው፣ ጀርባዬን እንደ ሰጠሁት።

"ለራይሊ እንቅልፍ ወሰደኝ አልካት?"

"አዎ።"

"አልተኛህም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ከጎኔ ተቀምጠሃል፣ ትንፋሽህን አውቀዋለሁ። ያን ቀን ትንፋሽህን ይዘህ ነበር።"

ወደ እሱ ዞርኩ። እሱ ግን አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ፍሬኑ ነው ያልኩት ለእኔ ብቻ አልነበረም" አለኝ። "ለአንተም ብዬ ነው። ሁለታችንም እሷ ላይ ጣልነው።" ከዚያ ሾርባውን ሳይበላ ካፖርቱን ለበሰና መኪናው ጋ ሄዶ በተሳፋሪው በር በኩል ቆመ። ወደ አውኔ ወሰድኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እወስደዋለሁ። በመንገድ ላይ አንነጋገርም። እሱ አውኔን ሲያጎርሳት እኔ ኮሪደር ላይ እቀመጣለሁ።

የጀልባ ሞተር የሚሠራውን ሰውዬ ስልክ ከማርቲ ተቀብዬ ደውዬለት ነበር። መፍቻዎቹን አልመልስም አለኝ፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዤ አላውቅም፣ ባለቤቷ ከፈለገች ግን መጥታ ከእኔ ጋር ትሥራበት አለ። ይህን የምነግርሽ ካሳ ይሆናል ብዬ አይደለም።

ራይሊ፣ አንቺ እንቅልፍ ማንንም ይጥላል ብለሽ በዚያ በኩል ምሕረት አደረግሽልኝ። ያን ምሕረት ተቀብዬ ልቀመጥ አልችልም፤ ኡርሆ ባይናገረኝ ኖሮ ግን እቀመጥ ነበር። ይህንንም እወቂልኝ።

ያን ጠዋት አንቺ ዕቃ ልታጥቢ ስትሄጂ ለኡርሆ ዛሬ ራይሊ ትንዳ አልኩት። ዝናብ ነው፣ መንገዱን በቃልህ አታውቀውም፣ እኔም ደክሞኛል አልኩት። ሳቀብኝ። "አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ማን እንደሚነዳ የምትወስነው?" አለኝ። "አንድም ውድድር ነድተህ አታውቅም። አንተኮ ድምፅ ነህ። ዋንጫውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ወረቀት ነው ያነበብከው።" ለቀልድ ያለው ይሆናል። ሁሌም እንዲህ ነው የሚያወራው፤ አንቺም ሰምተሽዋል። ያን ቀን ግን አንጀቴ ውስጥ ገባ። ሠላሳ ዓመት ሰው ሁሉ ሲለኝ የኖረውን እሱ ጠቅልሎ የተናገረው መሰለኝ።

ተነሣን። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደ ወትሮው አነበብኩለት። አንቺ ከኋላ ሹራብሽን ታጥፊያለሽ፣ መርከቡ ላይ መጀመሪያ የእንፋሎት መታጠቢያው ሳውና እንገባለን ወይስ እንበላለን እያልሽ ትጠይቂናለሽ። ከዚያ በሁለት ረድፍ ዛፍ መካከል የሚሄደው ቀጥ ያለ መንገድ መጣ። ኩርባው ከሩቅ ይታያል። እስቲ ያለ ድምፄ ይንዳው ብዬ አሰብኩ። አንድ ኩርባ ብቻ። ደንገጥ ይላል፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከዚያ ይለምነኛል፣ እኔም እነግረዋለሁ አልኩ። አንቺን አላሰብኩሽም። ከኋላ እያወራሽ እንኳ መኖርሽን ረሳሁ።

ቀኝ ሦስት ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ኡርሆ ጊዜው እንደደረሰ ያውቃል፤ ሲጠብቅ ጠብቆ ፊቱን ከመንገዱ ወደ እኔ አዞረ፤ ዓይኖቹ ምንም ሳያዩ ፊቴ ላይ ነበሩ። እየጠበቀኝ መሆኑን አየሁ። እኔም ዝም አልኩ።

ቬይኮ